የሶኬት ዋት መለኪያ፦ የስታንድባይ ፍጆታን በእርግጥ ያሳያል?

በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ቀይ መብራቱ የበራ ሪሲቨር፣ ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ማይክሮዌቭ፤ ሦስቱም ከሶኬት መሳባቸውን አላቆሙም፤ ስታንድባይ የሚባለው ይህ ነው። ስንት እንደሚስቡ ግን አይቶ መናገር አይቻልም። በሶኬቱና በዕቃው መካከል የሚሰካው ትንሽ መለኪያ የሚሸጠው ይህንን ያሳያል ተብሎ ነው። ማሳየቱንስ ያሳያል፤ ቁጥሩ የሚታመነው ግን እንደ መለኪያው ዓይነትና እንደ ለኪው አያያዝ ነው።

እዚህ የምናየው ሁለት ዓይነቱን ነው። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው የፒ3 ኢንተርናሽናል ኪል ኤ ዋት ፒ4400 ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየሱቁ ስሙ የሚለዋወጠው፣ ውስጡ ግን እርስ በርሱ የሚመሳሰለው የቻይና የ220–230 ቮልት መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ ከ5 ዋት በላይ ያለማቋረጥ የሚስብን ዕቃ ለማጋለጥ ሁለቱም በቂ ናቸው። ከ1 ዋት በታች ያለውን ግን ርካሹ መለኪያ ወይ ጨርሶ አያየውም፣ ወይ አጋንኖ ያሳየዋል። ደግነቱ ገንዘብ የሚበሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አንድ ሒሳብ አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ቀን ከሌት ሳይቋረጥ 1 ዋት የሚስብ ዕቃ በቀን 0.024፣ በ30 ቀን 0.72፣ በዓመት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ መለኪያው ያሳየውን ዋት በ0.72 ሲያባዙ የወሩን ፍጆታ ያገኛሉ፤ ያንን ደግሞ ቤትዎ በደረሰበት የታሪፍ እርከን ዋጋ ማባዛት ነው። የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ይወደዳል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ጭማሪ አለው። አምና የተሠራ የብር ስሌት ዘንድሮ ዋጋ የለውም። አንዳንድ መለኪያዎች የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አስገብተው ሒሳቡን በብር እንዲያሳዩ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። የሚቀበሉት አንድ ወይም ሁለት ዋጋ ብቻ ስለሆነ ከእርከን ታሪፍ ጋር አይሄዱም። ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ አንብበው ስሌቱን በስልክ ይሥሩት።

ርካሹ መለኪያ የሚወድቀው የት ነው?

ስታንድባይ ላይ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መግቢያው ላይ ረብሻ የሚያጣራ ካፓሲተር አለው። 0.47 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ወደ 32 ሚሊአምፒር ይስባል። ቮልቱን በአምፒሩ ብናባዛው 7 ቮልት አምፒር ይሆናል። እውነተኛው ዋት ግን ለዜሮ የቀረበ ነው፤ ካፓሲተሩ የወሰደውን ጉልበት እዚያው ዑደት ውስጥ ይመልሰዋልና። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በእውነተኛው ዋት ነው። ቮልትና አምፒርን አባዝቶ ብቻ «ዋት» ብሎ የሚጽፍ መለኪያ ከተገዛ፣ ምንም የማይበላው ዕቃ 7 ዋት የሚበላ መስሎ ይታያል። በዚህ የተነሳ ቤት ያለውን ሁሉ ነቅሎ ቢሉ ላይ ምንም ለውጥ ሲያጣ የሚገረም ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ሲገዙ የሚፈልጉት የመጀመሪያ ነገር ፓወር ፋክተርን፣ ማለትም እውነተኛው ዋት ለቮልት አምፒሩ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር፣ ለብቻው የሚያሳይ ስክሪን ነው። ሁለተኛው ዋትን እስከ 0.1 ድረስ ማሳየቱ ነው። ሦስተኛው መመሪያው ላይ የተጻፈው መለካት የሚጀምርበት መጠን ነው፤ ይህን ቁጥር ሻጭ አይነግርዎትም፣ ራስዎ ወረቀቱን ገልጠው ይፈልጉት። ቴክኒሻኖች ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጥሙትን ፔዜም 004ቲ የሚባለውን ሞጁል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሽቦው የሚያልፍበት ቀለበት ባለው ባለ 100 አምፒሩ ዓይነት መቁጠር የሚጀምረው ከ0.02 አምፒር ነው፤ በ220 ቮልት ይህ 4.4 ቮልት አምፒር ማለት ነው። ለሙሉ ቤት ጥሩ ዕቃ ነው፤ የአንድ ቴሌቪዥንን ስታንድባይ ግን አያየውም።

ሱቅ ውስጥ ሆነው በአምስት ደቂቃ መፈተን ይቻላል። ምንም ሳይሰካበት 0.0 ማሳየት አለበት። ከዚያ ባለ 40 ወይም ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ይሰኩ፦ ፓወር ፋክተሩ 1.00 ወይም 0.99፣ ዋቱም ከቮልት ሲባዛ አምፒር ጋር እኩል መሆን አለበት። ሦስተኛው ፈተና ዋናው ነው። ስልክ እየሞላ ያለ ተራ ቻርጀር ይሰኩ፤ ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.5 ወይም 0.6 መውረድ፣ ዋቱም ቮልት ሲባዛ አምፒር ከሚሰጠው በግልጽ ማነስ አለበት። ለአምፖሉም ለቻርጀሩም 1.00 የሚል ከሆነ መለኪያው እየገመተ ነው፤ ለሻጩ ይመልሱለት። ኤልኢዲ አምፖል ለሁለተኛው ፈተና አይሆንም፤ ፓወር ፋክተሩ ራሱ ዝቅተኛ ነውና።

ኪል ኤ ዋት ይህን ፈተና ያልፋል። ቮልት፣ አምፒር፣ ዋት፣ ቮልት አምፒር፣ ኸርዝ፣ ፓወር ፋክተር፣ ኪሎዋት ሰዓትና ያለፈውን ሰዓት ያሳያል፤ ቁልፎቹ አምስት ናቸው፣ መመሪያ ሳያነቡም ይለመዳሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው። ሰፊ ስለሆነ አጠገቡ ያለውን ሶኬት ይሸፍናል፤ አጭር ኤክስቴንሽን ካልተጠቀሙ ሶፋ ኋላ ተንበርክኮ ማንበብ ግድ ነው። ከሶኬት ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰበሰበውን ኪሎዋት ሰዓት ይረሳል። ሲያትል ወይም ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን የሦስት ቀን ልኬት ገደል ይገባል።

ከአሜሪካ ለቤተሰብ ይዞ መምጣትን ለሚያስቡ፦ ፒ4400 የሚችለው እስከ 125 ቮልትና 15 አምፒር ነው። አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይበላሻል። በትራንስፎርመር አውርዶ መጠቀምም ትርጉም የለውም። ከዱባይ ወይም ከዶሃ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፤ እግሩ ግን ሦስት ጠፍጣፋ ስለሆነ አዳፕተር ይጠይቃል፣ ላላ ያለ አዳፕተር ደግሞ በራሱ የመሞቅ ችግር ያመጣል። ለኢትዮጵያ ሶኬት ሁለት ክብ እግር ያለውን የአውሮፓ ዓይነት መምረጥ ነው።

የቻይናው ባለ 220 ቮልት መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ አለው፤ መብራት ቢጠፋም የሰበሰበውን ይይዛል። እዚህ ላይ ከኪል ኤ ዋት ይሻላል። ችግሩ ባትሪው ነው። የቁልፍ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ባትሪዎች ካሉት ከሥራቸው የገባችውን የፕላስቲክ ቁራጭ መሳብ አይርሱ። ውስጡ ተበይዶ የተቀመጠ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ካለው ደግሞ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲከርም ይሞታል። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ወይም የተዘበራረቀ ቁጥር እያሳየ ከመጣ ለጥቂት ሰዓት ሶኬት ላይ ትተው፣ ከዚያ ሪሴት የተጻፈባትን ቀዳዳ በመርፌ ይጫኑ። አብዛኛው በዚህ ይነሳል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። ሳጥኑ ላይ 16 አምፒር ወይም 3680 ዋት ተብሎ ቢጻፍም የእንጀራ ምጣድ አይሰኩበት። ባህላዊው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 እስከ 4000 ዋት ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። የመለኪያው የውስጥ ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለምጣድ ላዩ ላይ የተጻፈው የዋት መጠን ራሱ ይበቃል፤ ምጣዱ ስታንድባይ የለውም።

አለካኩ

ዕቃውን በመለኪያው በኩል ይሰኩ፣ እንደ ልማድዎ ያብሩት፣ በሪሞት ያጥፉት፣ ከዚያ ይጠብቁ። ስማርት ቴሌቪዥን ከጠፋ በኋላ ለደቂቃዎች ከ10 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ዝማኔ እያወረደ ወይም ራሱን እያስተኛ ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይሞላ የተነበበ ቁጥር ስታንድባይ አይባልም።

ቁጥሩ ከ0.0 ወደ 1.2 እየዘለለ ከተመለሰ መለኪያው ተበላሽቶ አይደለም። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲቀንስበት ያለማቋረጥ አይሠራም፤ ትንሽ ይስባል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይስባል። በዓይን አማካዩን መገመት ያሳስታል፤ ኪሎዋት ሰዓት እንዲሰበስብ መተው ይሻላል። ግን አንድ ቀን አይበቃም። አብዛኛው ስክሪን የሚቆጥረው በ0.01 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ የ1 ዋት ዕቃ በ24 ሰዓት 0.02 ብቻ ያሳያል፤ እውነቱ 0.020 ይሁን 0.029 አይታወቅም። አሥር ቀን ከቆየ 0.24 ይደርሳል፣ ስህተቱም ይጠባል። መጨረሻ ላይ የሚያካፍሉት ለተቆጠረው ሰዓት ነው፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓት መለኪያው ይቁጠር አይቁጠር አስቀድመው ነቅለው በመሞከር ይወቁ።

መለኪያው መለካት ከሚጀምርበት መጠን በታች የሚስብን ዕቃ ለመያዝ የቆየ ዘዴ አለ፦ ቢጫ አምፖልና ዕቃውን በአንድ ዲቫይደር ሰክቶ፣ መጀመሪያ አምፖሉን ብቻውን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ መለካትና ልዩነቱን መውሰድ። ዘዴው ትክክል ነው፤ የከተማ ቮልቴጅ ግን ያበላሸዋል። ቮልቱ ከ220 ወደ 222 ቢወጣ የ60 ዋት አምፖል ፍጆታ በ0.9 ዋት ገደማ ይጨምራል፤ ሊለኩ ከፈለጉት ስታንድባይ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቅ አምፖል አይጠቀሙ። የፍሪጅ ውስጥ ባለ 15 ዋት አምፖል ይበቃል፤ በዚያው የቮልት ለውጥ የሚዛነፈው በ0.2 ዋት ብቻ ነው። አምፖሉ አምስት ደቂቃ ይሙቅ፣ በየንባቡ ቮልቱንም ይጻፉ፣ የተለያየ ቮልት ላይ የተነበቡትን አያወዳድሩ።

ሌላው መንገድ ቀላል ነው። ሳሎን ያለውን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ሰክተው በአንዴ ይለኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየነቀሉ ስንት እንደቀነሰ ያንብቡ።

መለኪያ ያልገዛ ሰው የቤቱን ቆጣሪ መጠቀም ይችላል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 1600። ፍሪጁንና ቦይለሩን ያጥፉ፣ ሌላው ሁሉ ስታንድባይ ላይ ይሁን፣ ከአንዱ ብልጭታ እስከ ሌላው ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ። 3,600,000ን በ1600 አካፍለው ውጤቱን እንደገና በሰከንዱ ያካፍሉ። 60 ሰከንድ ከሆነ ቤቱ ተኝቶም 37.5 ዋት እየሳበ ነው፤ በወር 27 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ ዘዴ የትኛው ዕቃ እንደሆነ አይነግርም፤ መለኪያ መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ግን ይነግራል።

መለኪያው የሚያጋልጠው

በቅድሚያ ነጻ የሚወጣው የስልክ ቻርጀር ነው። አሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት ለትንንሽ ቻርጀሮች ያስቀመጡት ባዶ ሲሰካ የሚፈቀድ ጣሪያ 0.1 ዋት ነው። በዓመት አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቻርጀር ሁሌ ይነቀል የሚለው ምክር ለአስመስሎ ለተሠራው ይሠራል፤ ያውም በእሳት ፍራቻ እንጂ በቢል አይደለም።

ዘመናዊ ቴሌቪዥንም ብዙ አይከሰስም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ስታንድባይን በ0.5 ዋት፣ እንደ ሰዓት ያለ መረጃ ለሚያሳይ ዕቃ ደግሞ በ1 ዋት ገድቦታል፤ ከግንቦት 2025 ወዲህ ይህ ሁለተኛው ወደ 0.8 ወርዷል። ለዚያ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን ላይ መለኪያው 0.3 ወይም 0.0 ቢያሳይ ተበላሽቷል አይበሉት። ከ10 ዋት በላይ ሆኖ ከቀጠለ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በፍጥነት መነሳት የሚለውን ያጥፉ፤ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

የዲሽ ሪሲቨር ሌላ ታሪክ ነው። የቆዩት ርካሽ ሪሲቨሮች በሪሞት ሲጠፉ የሚያጠፉት ምስሉን ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ይሠራል፣ አንዳንዶቹም ዲሹ ላይ ላለው ሲግናል ተቀባይ (ኤልኤንቢ) ቮልት መላካቸውን አያቆሙም። በርቶ 10 ዋት የሚስብ፣ «ጠፍቶ» 8 ዋት የሚስብ ሪሲቨር ማግኘት አያስገርምም። በወር 5.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች የኬብል ሳጥናቸውን ይለኩ፦ የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በለካቸው መቅጃ ባላቸው የኬብል ሳጥኖች ላይ በሪሞት ከጠፉ በኋላ አማካዩ 43 ዋት ነበር፣ ከበሩበት በ1 ዋት ገደማ ብቻ ቢያንስ ነው። አሁን የሚሰጡት ይሻላሉ፤ አሮጌው ሳሎን ውስጥ ካለ ግን በዓመት 377 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ለኬብል ድርጅቱ ደውሎ ማስለወጥ መለኪያው ያስወጣውን ይመልሳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዋናው ተከሳሽ ማንም የማይጠረጥረው ስታቢላይዘር ነው። ዕቃ ጠባቂ ስለሆነ ሁሌም እንደተሰካ ይኖራል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ብረቱን ማግነጢስ ማድረጉን አያቆምም። ምንም ሳይሰካበት እንደ መጠኑና እንደ ጥራቱ ከ5 እስከ 25 ዋት ይስባል። 15 ዋት የሚስብ አንድ ስታቢላይዘር በወር 10.8፣ በዓመት 131 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከብዙ ቴሌቪዥኖች ስታንድባይ ድምር ይበልጣል። የሚለካው ባዶውን ነው፦ ከግድግዳ ወደ መለኪያ፣ ከመለኪያ ወደ ስታቢላይዘር፣ ከስታቢላይዘር ወደ ምንም። ፓወር ፋክተሩ በጣም ዝቅ ይላል፤ 40 ቮልት አምፒርና 12 ዋት ቢያዩ አይደንግጡ፣ የሚከፍሉት ለ12ቱ ነው። እጅ ሲያስቀምጡበት ባዶውን የሚሞቅ ከሆነ ሳይለኩም ያውቁታል። የቴሌቪዥኑን ስታቢላይዘር በማብሪያ ማጥፊያው ማታ ማታ ማጥፋት ይቻላል። የፍሪጁን አያጥፉ፤ በመጠን የተጋነነ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ለአንድ ትንሽ ፍሪጅ ባለ 5000 ቮልት አምፒር (ቪኤ) ከተገዛ፣ ወደ ተገቢው መለወጥ ያዋጣል።

ማይክሮዌቭ ሰዓቱን ለማሳየት ወደ 3 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በዓመት 26 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት አሥር ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ባለ 1200 ዋት ማይክሮዌቭ ለማሞቂያ የሚበላው 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ከምግቡ ይበልጣል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጠፍቶ ከ1 እስከ 3 ዋት ይስባል፣ ከኋላ ያለው ማጥፊያ ዜሮ ያደርገዋል። ዋይፋይ ከ5 እስከ 10 ዋት ነው፤ ግን እየሠራ ነው፣ ስታንድባይ አይባልም።

ቦይለር በዚህ መለኪያ አይለካም፣ በቀጥታ ከብሬከር የመጣ ነውና። ያለማቋረጥ የበራ ባለ 80 ሊትር ቦይለር ማንም ውሃ ሳይከፍት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። 1.5 ብንል ያለማቋረጥ የበራ 62 ዋት ነው። ይህን በቆጣሪው ብልጭታ ይያዙት፤ ቦይለር ሁሌ የሚበራበት ቤት ውስጥ ቻርጀር መንቀል ቀልድ ነው።

በስማርት ፕለግ፣ ማለትም በዋይፋይ ከስልክ ጋር በሚገናኝ መሰኪያ፣ መለካት ለሚያስቡ፦ ስልክ ላይ ግራፍ ማየቱ ደስ ይላል፣ ረጅም ልኬትም ሳይነቀል ይከታተላል። ግን ራሱ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኘ ለመቆየት 1 ዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 0.5 ዋት ቴሌቪዥን ለመቆጣጠር ከተገጠመ ፍጆታ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሶኬቱ መለኪያም ራሱ ትንሽ ይበላል፤ ለክተው ሲጨርሱ ይንቀሉት። ለአንድ ቤት ብቻ መግዛቱ ብዙም አያስፈልግም፤ አንድ መለኪያ በየተራ ለአንድ ግቢ ወይም ለአንድ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ይበቃል።

የተገኘውን ለማጥፋት ለየቀዳዳው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ዲቫይደር ምርጡ ነው፤ አንድ ማጥፊያ ብቻ ያለው ሁሉንም ስለሚያጠፋ ከሳምንት በኋላ ማንም አይነካውም። ሁለት ዕቃ ግን ከዲቫይደሩ ውጭ ይሁን። ኦሌድ ቴሌቪዥን ለረጅም ሰዓት ከታየ በኋላ ስታንድባይ ላይ ሆኖ ስክሪኑን የሚያስተካክልበት ጊዜ ስላለው ወዲያው አይነቀልም። ኢንክጄት ፕሪንተር ደግሞ በራሱ ቁልፍ ነው የሚጠፋው፤ ከግድግዳ ሲቋረጥ የቀለም አፉ ሳይከደን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሲበራም ራሱን ለማጽዳት ቀለም ያፈሳል፣ ቀለሙ ደግሞ ከመብራቱ ይወደዳል።